ቁጥሩ ሞላ፣ ጉዞው ጎደለ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባቢሌ ገበያ 96 ፍየሎች ገዝቼ በአይሱዙ አስጫንኩ። መንገዳቸው በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ወደ በርበራ ነበር። የጤና ወረቀቱ ተሠርቷል፤ ፍየሎቹ በሙሉ የጆሮ ቁጥር ተደርጎላቸዋል፤ ቁጥሩም ከወረቀቱ ጋር ተያይዟል። አብሯቸው የሚሄደው ልጅ ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ገንዘብ የማምነው ልጅ ነው። ስሸኘው አንድ ነገር ብቻ አልኩት፦ «96ቱንም ይዘህ ግባ።»

ልጁም 96 ይዞ ኬላው ደረሰ። እዚያ የነበረው ባለሙያ ግን ወረቀቱን ይዞ ጆሮ ለጆሮ ማየት ሲጀምር፣ ሁለቱ ፍየሎች ጆሯቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ ለካ መንገድ ላይ ሁለት ፍየሎች ወድቀው በሌሎቹ ተረግጠው ሞተዋል። ልጁ ደነገጠ። የተባለው 96 ነው። ከመንገድ ዳር ከአንድ አርብቶ አደር ሁለት ፍየል ገዝቶ ሞላ። የገዛው በራሱ ገንዘብ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሊሰርቀኝ ቢፈልግ ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር።

መኪናው እዚያው ቆመ። የታገዱት ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ 96ቱም ናቸው። ከየት እንደመጡ የማይታወቅ፣ ያልተመረመሩ ሁለት ፍየሎች ከተመረመሩት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጭነው አድረዋልና ወረቀቱ ለአንዱም መመስከር አልቻለም። ለቀናት መኖና ውሃ ገዛሁ፣ የመኪናውን የቆመበት ሒሳብ ከፈልኩ፣ ዕቃውን የሚጠብቀው ገዥም ሌላ ዘንድ ሄደ።

ልጁን አብዝቼ ተቆጣሁት። ቁጣዬ ሲበርድ ግን የነገርኩትን ቃል መልሼ አሰብኩ። ያልኩትን አድርጓል። ያልተናገርኩትን ነው ያላደረገው። «96 አስገባ» ማለት ትዕዛዝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር፦ በወረቀቱ ላይ የተጻፉት ፍየሎች፣ እነዚያው ራሳቸው፣ ወደብ ይግቡ፤ የጎደለ ካለ መጉደሉ ይታወቅ። ይህን ቢያውቅ ኖሮ 94 ይዞ ይገባ ነበር፤ የእኔም ኪሳራ ሁለት ፍየል ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ለሰው ስሰጥ አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ሥራው ለምን ይሠራል? ምን ይደረጋል? በምን ላይና በምን ይደረጋል? ማን ነው የሚያደርገው? ግብ፣ ተግባር፣ ነገር፣ ባለድርሻ። ቀላል ይመስላል። ይሁንና በንግዳችን ውስጥ አብዛኛው ትዕዛዝ ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ነው፤ «ጫን»፣ «አድርስ»፣ «ክፈል»።

አስተሳሰቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሀል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ አኔት እና ደንካን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን የፋብሪካ ሠራተኛ እንዴት ይሠልጥን የሚለውን ሲያጠኑ የደረሱበት ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩት አጥኚዎች ሰዓት ይዘው የሠራተኛውን እጅ ይቆጥሩ ነበር፤ ስንት ጊዜ አነሣ፣ ስንት ጊዜ አስቀመጠ። እነዚህ ግን እጁን ትተው ግቡን ጠየቁ። ሠራተኛው ምን ላይ ሊደርስ ነው? ያንን ግብ ወደ ትናንሽ ግቦች ከፋፈሉት፤ የትኛው ከየትኛው በኋላ፣ የትኛው ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ብቻ» እንደሚሠራም ጻፉ። ኋላ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚቀርጹ ሰዎች የሚነካውን ነገርና የሰውን ድርሻ ጨመሩበት። ለእኛ የሚጠቅመን ይህ የተሟላው ነው።

ነገር ግን እንግሊዝ አገር መሄድም አያስፈልግም። ቦረና ወርዶ ቱላ ጉድጓድ ላይ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ዱብሉቅ ገበያ ለከብት የምትሄዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ዘጠኙ ቱላ ከሚባሉት አንዱ እዚያው ነው። ውሃው ከመሬት በታች ጥልቅ ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ፤ ባዶው ሲወርድ ሙሉው ይወጣል። ያዜማሉ። ዜማው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እጅ ከእጅ እንዲገጥም ያደርጋል። ዜማው ከተሰበረ ውሃው ይፈስሳል።

አሁን አራቱን ጥያቄ እዚያ ላይ ጠይቁ። ግቡ «ውሃ ማውጣት» አይደለም። ግቡ ተራው የደረሰው መንጋ ሁሉ ጠጥቶ ሳይጋፋ ወደ ግጦሹ እንዲመለስ፣ ጉድጓዱም ለነገው መንጋ እንዲበቃ ነው። ነገሮቹ ይታወቃሉ፦ ባልዲው (ድሮ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር)፣ በጭቃ የሚመረገው ገንዳ፣ ከብቱ የሚወርድበት መንገድ፣ አጥሩ። ድርሻውም ስም አለው። አባ ኮንፊ የሚባለው ጉድጓዱን ከቆፈረው ጎሳ የዘር መብት የያዘው ነው። አባ ሄሬጋ ደግሞ የየዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ነው፤ ዛሬ የማን መንጋ ይቅደም፣ የማን ይከተል። ሁለቱ ድርሻዎች የተለያዩ መሆናቸውን አስተውሉ። ባለመብቱ ሌላ፣ ተራ አስከባሪው ሌላ። በመሐል እርከን ላይ የቆመው ወጣት ሲደክመው ሌላው ይተካዋል፤ ሰው ይለወጣል፣ እርከኑ ግን ባዶ አይሆንም።

እኔ እንደማየው ንግዳችን ከዚህ ጉድጓድ የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው። ጉድጓዱ ላይ ሰውና ድርሻ ተለያይተዋል። እኛ ዘንድ ድርሻው ሰውየው ራሱ ነው። «ገንዘቡን ማን ይይዛል?» ሲባል «እገሌ»፤ «ቁጥሩን ማን ያመሳክራል?» «እገሌ»፤ «ወረቀቱ የት አለ?» «እገሌ ጋ»። እገሌ ወባ ሲይዘው ጉዞው ይቆማል። ይባስ ብሎ ደግሞ እገሌ የሚገዛውም፣ የሚቆጥረውም፣ የሚከፍለውም እሱ ከሆነ የሚያየው ዓይን የለም። ይህን የምለው እምነት ማጣትን ለመስበክ አይደለም። የእኔ ልጅ ታማኝ ነበር፤ ያጣው ሰው ሳይሆን ሁለተኛ ዓይን ነው።

ስለ «ነገር» ትንሽ ላብራራ፤ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚዘልለው እሱን ነው። ፍየል ፍየል ነው እንላለን። ለሥራው ግን ፍየል አንድ ነገር አይደለም። የተገዛ ፍየል አለ፤ የታየ ፍየል አለ፤ ቁጥር የተደረገለት አለ፤ ወረቀት ያገኘ አለ፤ የተጫነ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው አንድ ተግባርና አንድ ሰው ነው። በመሐል አንዱ ከተዘለለ ፍየሉ በዓይን ሲታይ ያው ነው፣ በገበያ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱም እንዲሁ ነው፤ የተጻፈ፣ የተፈረመ፣ ማኅተም የተመታ፣ ጊዜው ያለፈበት። ማኅተም ያለው ወረቀት ጊዜው አልፎበት ኬላ ላይ የወደቀባችሁ ትኖራላችሁ።

የእኔ ጥፋት ትልቁ ክፍልም እዚህ ላይ ነበር። ልጁ የገዛቸውን ሁለት ፍየሎች ቀለም ቀብቷቸዋል፤ የእኔን ቀለም፣ ጀርባቸው ላይ። ለእሱ በዚያች ደቂቃ የእኔ ሆኑ። አልተሳሳተም። ቀለም «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል፤ መንጋ ሲቀላቀል ለመለየት። የጆሮ ቁጥር ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የተመረመረው ይኸው ራሱ ነው?» ሁለቱም ምልክት ናቸው፣ ሁለቱም እንስሳው ላይ ናቸው፤ ግባቸው ግን አይገናኝም። ሦስት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ይህን ነግሬው አላውቅም። ለእኔ ግልጽ ስለነበረ ለሁሉም ግልጽ መሰለኝ።

ወደ ድርሻ ልመለስ፤ የዲላልን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አይቻልም። በሶማሌ ገበያ ዲላል ዋጋ አስማሚ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የውጭ ሰው ብዙ ነው። የምናውቀው ሌላ ነው። ዲላሉ ሻጩን ያውቃል፤ ጎሳውን፣ ሰፈሩን ያውቃል። እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው። አንድ ሰው ሁለት ድርሻ ተሸክሟል፦ ዋጋ ማስማማትና ለእንስሳው መመስከር። ኮሚሽኑ በአንድ ስም ስለሚከፈል ሁለተኛው ድርሻ አይታይም።

አሁን ስልክ መጣ። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ከ2007 ጀምሮ፣ ሶማሊላንድ ውስጥ ዛድ ከ2009 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ገንዘብ በኪስ ይዞ መሄድን እየቀነሱ ነው። እግዜር ይስጣቸው፤ በመንገድ ላይ የተዘረፈ ሰው ይህን ያውቃል። ግን አንድ ነገር አብሮ ጠፍቷል። ቀድሞ ገንዘብ ሲቆጠር ሰው ይከብበዋል፤ ዲላሉ ያያል፣ የሻጩ ዘመድ ያያል። መቁጠር የሚለው ተግባር ሁለት ግብ ይዞ ነበር፤ መክፈልና ማስመስከር። ስልኩ መክፈሉን ወሰደ፤ ማስመስከሩን ግን ማንም አልወሰደውም። ከዲላል ሸሽቶ በስልክ በቀጥታ የሚገዛ ነጋዴ ኮሚሽን አተረፈ ይባላል። የሸጠለት ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ያለው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

በሐርጌሳም ሆነ በሌሎች የሶማሌ ገበያዎች በጨርቅ ሥር በጣት የሚደረገውን ክርክር አስቡ። ተመልካች ግራ ይጋባል፤ ለምን በአፍ አይነጋገሩም? ግቡን ካወቁ ግልጽ ነው። የዚህኛው ዋጋ ለዚያኛው ሻጭ እንዳይሰማ ነው። ይህንን ተግባር «ለማዘመን» ዋጋውን በሰሌዳ ልጻፍ የሚል ሰው ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን ምን ግብ እንደሚያገለግል ሳይጠይቅ ነው የሚመጣው። ሰሌዳው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልቃወምም። ግን የሚጎዳውና የሚጠቀመው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከግቡ ነው።

አሁን አንድ ሥራ እስከ ታች ድረስ ላውርድ፤ መጫንን። እኔ ብዙ የከሰርኩበት ስለሆነ ነው።

ግቡ መኪናው መሙላቱ አይደለም፤ እንስሳው ቆሞ መውረዱ ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይለውጣል። ቆሞ እንዲወርድ ወለሉ ማዳለጥ የለበትም፤ ስለዚህ አሸዋ ወይም ገለባ ይነጠፋል። ትልቁ ትንሹን እንዳይረግጥ ይለያያሉ፤ ቀንዳሙ ከጎዳው፣ ወጠጤው ከሴቷ። መሐል ላይ በእንጨት ይከፈላል፤ ክፍፍል የሌለው ረጅም አልጋ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ወደፊት ይከመራሉ፤ የእኔ ሁለቱ የሞቱት እንዲህ ነው። መወጣጫ ከሌለ ተሸክሞ መወርወር ይመጣል፤ እግር የሚሰበረው ያኔ ነው። ሲወጡ የሚቆጥረው ሰው የሚጭነው ሰው መሆን የለበትም። የሚጭነው ሰው ዓይኑ ቀንድና እግር ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢቆጥር ወይም ቢዘልል አይፈረድበትም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነጋዴ ያውቀዋል። የማንነጋገርበት የሾፌሩ ግብ ነው። እኛ ለሾፌሩ የምንከፍለው በጉዞ ነው። ስለዚህ የእሱ ግብ ቶሎ ደርሶ ሌላ ጭነት ማግኘት ነው፤ በሐቅ ካየነው ትክክል ነው፣ ቤተሰብ አለው። አብሮ የሚሄደው ጠባቂ ግብ ደግሞ እንስሳው እንዳይወድቅ ነው። ከተነሡ ብዙም ሳይቆዩ አንዴ ቆሞ የወደቀውን ማንሣት ብዙ ነፍስ ያድናል፤ እንስሳው ገና መኪናውን ሳይለምድ የሚወድቀው ያኔ ነውና። ግን ማን ያስቆማል? ጠባቂው ልጅ ነው፣ ሾፌሩ ጎልማሳ ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ያቁሙልኝ» ቢል «ዝም በል፣ ኬላ ይዘጋብናል» ይባላል። ሁለት ግብ በአንድ መኪና ውስጥ ሲጋጭ የሚያሸንፈው መሪ የያዘው ነው። «ቁም» የሚል ደንብ መጻፍ ይህን አይፈታውም። እኔ ዘንድ የፈታው ክፍያውን መክፈል ነው፦ ከኪራዩ የተወሰነው እንደደረሰ ይከፈላል፤ የቀረው ግን ቆሞ በወረደው እንስሳ ቁጥር ይታሰባል። አሁን ሾፌሩ ራሱ ልጁን «ውረድና እይ» ይለዋል። አንዳንድ ሾፌሮች በዚህ አልስማማም ብለው ትተውኝ ሄደዋል፤ ያንንም ልደብቅ አልፈልግም። በበዓል ሰሞን መኪና ሲጠፋ እኔም ወደ ድሮው ክፍያ የተመለስኩበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ሥራ እስከ የት ድረስ ይበተናል? ገመድ እንዴት እንደሚታሰር ድረስ? እንዲህ ከሆነ ደብተር አይበቃም፤ የሚያነብም የለም። እነዚያ ሁለት የሀል ምሁራን ለዚህ የሰጡት መልስ ነጋዴ የሚገባው መልስ ነው። ስህተቱ ምን ያህል ይደጋገማል? ሲከሰትስ ምን ያህል ያስከፍላል? ሁለቱን አባዙ። ውጤቱ ትንሽ ከሆነ እዚያ ላይ አቁሙ፤ ትልቅ ከሆነ አንድ እርከን ወደ ታች ውረዱ።

የገመድ መላላት በየጉዞው አለ፤ የሚያስከፍለው ግን ወርዶ ማጥበቅን ነው። ስለዚህ «እሰር» ብሎ መተው ይበቃል። የጆሮ ቁጥር ከወረቀት ጋር አለመግጠም እንበል በሃምሳ ጉዞ አንዴ ይከሰታል። ሲከሰት ግን የሚይዘው ሙሉውን ጭነት ነው፤ መኖው፣ ኪራዩ፣ የመርከቡ ቀን፣ የገዥው እምነት። በእኔ ቤት ይህ ሥራ እስከ መጨረሻው ተበትኗል፦ አንዱ ጆሮውን ይዞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ የጻፈው መልሶ ያነብባል፣ ያነበበው «አዎ» ካለ ብቻ ፍየሏ ትለቀቃለች። አሰልቺ ነው። 96 ጊዜ መስማት ያደክማል። ስልክ እያወሩ መሥራት የተከለከለበት ብቸኛው ሰዓትም ይህ ነው።

ይህ ሁሉ የአንድ ነጋዴ ጭነት ነገር ቢሆን ኖሮ እዚህ ባበቃሁ ነበር። ግን የእያንዳንዳችን ጭነት የጋራ በር ላይ ነው የሚገባው። ያረጃችሁት ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻና በ1998 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና በደቡብ ሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 በሩን ዘጋች፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ተከፈተ። በመስከረም 2000 በሽታው በሳዑዲና በየመን ሲገኝ በሩ እንደገና ተዘጋ፤ የሳዑዲ ገበያ ዳግም የተከፈተው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት። ጅቡቲ ዳመርጆግ ላይ በ2006 የተከፈተው ኳራንታይን፣ በ2009 በርበራ የተከፈተውም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የኳራንታይኑን ግብ ብዙዎቻችን «ቀረጥ መሰብሰቢያ» እንለዋለን፤ ወረፋ ላይ ቆሜ እኔም ብያለሁ። ግቡ ግን አንድ የታመመ እንስሳ ለሁላችንም በር እንዳይዘጋ ነው።

አሁን ያንን ግብ ይዘን ወደ ኋላ እንሂድ፤ ከወደቡ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መንደር። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በትንኝ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ይነሣል፤ በመንጋ ውስጥ የመጀመሪያው ምልክቱ ብዙ እርጉዞች በአንድ ሰሞን ጽንስ መጣላቸው፣ ግልገሎችና ጠቦቶች መሞታቸው ነው። ይህን መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? ሐኪሙ አይደለም፣ ጉምሩኩም አይደለም፤ አርብቶ አደሩ ነው። ብዙ ጊዜም ሚስቱ፤ ፍየል የምታልበው፣ ጠቦት የምታጠባው እሷ ናትና። በሥራችን ዝርዝር ውስጥ ግን ለእሷ የተሰጠ ድርሻ የለም። እሷ ለእኛ «ሻጭ» ናት እንጂ «ነጋሪ» አይደለችም።

«ሰሞኑን ጽንስ የጣለች አለች?» ብሎ መጠየቅ አንድ ተግባር ነው፤ ምንም አያስወጣም። ችግሩ የሚጠይቀው ዋጋ የሚከራከረው ሰው ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። እውነቱን የተናገረ ሰው ገበያ ያጣልና። ጥያቄውን ከዋጋው የሚለይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቦታ የቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይህን ይሠራል፤ በሌላው ቦታ የታወቀ ዲላል ሊሠራው ይችላል፤ የሚመሰክር ድርሻ ድሮም የእሱ ነውና። አርብቶ አደሩ «አዎ» ያለ ቀን ምን እንደሚያገኝ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰውም። እኔም አልመለስኩትም። ሌላው ቢቀር ግን አንድ ነገር ንገሯቸው፤ የወደቀውን ጽንስና ደሙን በባዶ እጅ እንዳይነኩ። ይህ ትኩሳት ሰውንም ይይዛል፣ ይገድላልም።

አንድ የቀረኝ ነገር የቃል ጉዳይ ነው። ከቦረና እስከ ሞያሌና ናይሮቢ፣ ከባቢሌ እስከ በርበራና ጅዳ ድረስ አንድ ጭነት በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ ያልፋል። በየመሐሉ «ተረከብኩ» ይባላል። መረከብ ማለት ምንድን ነው? ለአንዱ መኪናው ሲደርስ ማየት ነው። ለሌላው መቁጠር ነው። ለሦስተኛው የታመመውን መለየት ነው። ሌሊት በስልክ «ተረከብኩ» ተብሎ ጠዋት ሦስት የታመሙ ሲገኙ የማን ናቸው? ይህ ክርክር ስንቱን ወዳጅ እንዳለያየ ታውቃላችሁ። አንድ ተግባር መቼ እንዳለቀ ካልታወቀ አላለቀም። እኔ ከተቀባዮቼ ጋር የተስማማሁት እንዲህ ነው፦ በብርሃን፣ መሬት ላይ ወርደው፣ እየተራመዱ ተቆጥረው፣ ቁጥሩ በድምፅ መልእክት ከተላከ ነው መረከብ የሚባለው። ከዚያ በፊት ያለው «ደረሱ» ይባላል። ሁለት ቃል፣ ሁለት ነገር። የድምፅ መልእክት ያልኩት ብዙዎቹ ጠባቂዎቼ ስለማያነቡ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩታል፣ ስልኩም ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ የተማሪ ደብተር ነው። ገጹን አራት ቦታ አስምሬ እጽፍበታለሁ። ከጉዞ በፊት ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነብባለሁ፤ እነሱም መልሰው ይነግሩኛል። መልሰው ሲነግሩኝ የሚያስተካክሉኝ ጊዜ ይበዛል፤ ገበያውንና መንገዱን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ይህንን ለማን እንደምነግር አልጻፍክም» ያለኝ ያው ልጅ ነው፤ ዛሬም አብሮኝ አለ።

እሱ ያስጻፈኝ መስመር አሁን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው፤ ለሚፈልግ እነሆ። እንስሳ መንገድ ላይ ቢሞት። ለምን፦ የጎደለው መጉደሉ እንዲታወቅ፣ ወረቀቱም እውነት ሆኖ እንዲቀጥል። ምን፦ መኪናውን አስቁም፤ የጆሮ ቁጥሩን ከነጆሮው በስልክ ፎቶ አንሣ፤ በወረቀቱ ግልባጭ ላይ ያንን ቁጥር ሰርዝና ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ፤ ሌላ እንስሳ አትግዛ። በምን፦ ስልክ፣ እስክሪብቶ፣ የወረቀቱ ግልባጭ፤ ቢላ ግን አይነካም፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ሥጋውም ለማንም አይሰጥም፣ ቆዳውም አይገፈፍም። ማን፦ ጠባቂው ፎቶ ያነሣል፣ ሾፌሩ ምስክር ሆኖ በድምፁ ይናገራል፤ ለእኔም ለሚረከበውም በዚያው ሰዓት ይደወላል። ቀጣዩ ኬላ ላይ ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚናገረውም ጠባቂው ነው።